ማን ነገራቸው?

ግንቦት ላይ ነው። ጅማ ከሰዓት በኋላ ዝናቧን ስታወርደው ሱቄ በተማሪ ይሞላል፤ ግማሹ ሊያስጽፍ ይመጣል፣ ግማሹ ሊጠለል። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ያን ቀን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስጠርዙ ልጆች ተሰልፈው ስለነበር የስልኬን ድምፅ አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳወጣው አሥራ ሰባት ሚስኮል አለ። ዘጠኙ የእናቴ ነው። የቀረው አጋሮ ካሉት ጎረቤቶቻችን።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ያነሳችው እናቴ አይደለችም፣ ጎረቤታችን ናት። "አንቺ ነሽ? አለሽ? እስቲ ድምፅሽን አሰሚኝ!" አለችኝ። ከኋላ የእናቴ ለቅሶ ይሰማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ለእናቴ ደውሎ "ልጅዎን መኪና ገጭቷት ሆስፒታል ገብታለች፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ 18 ሺህ ብር ይላኩ" ይላታል። እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ሁላችንም ሰምተናል። እናቴም ሰምታለች፤ እንዲያውም "ተጠንቀቂ" ብላ ያስጠነቀቀችኝ እሷ ናት። ታዲያ እንዴት አመነች? ሰውየው ስሜን ከነአባቴ ጠራላት። ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳለኝ ያውቃል። የልጄን ስም ያውቃል። "ጅዳ ላለው ወንድሟም ደውለን ነበር፣ አላነሳልንም" አላት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እሷን ራሷን የጠራት በቤት ስሟ ነው፣ ከዘመድና ከቅርብ ጎረቤት በቀር ማንም በማይጠራት ስም።

እናቴ ያላትን ይዛ የጎደለውን ልትበደር ሮጠች። ጎረቤታችን እግዜር ይስጣት፣ "መጀመሪያ ልጅቷ ጋ እንደውል፣ ካላነሳች ሰው ወደ ሱቋ እንልካለን" ብላ ያዘቻት። ለአንድ ሰዓት ያህል እናቴ እኔን አጥታኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሽቦ እየቆረጥኩ ጥራዝ እያስገባሁ ነበር።

ገንዘቡ ተረፈ። እንቅልፏ ግን አልተረፈም። "ማን ነገራቸው?" አለች። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ይህንኑ ትጠይቃለች። የቤታችንን ነገር አውጥቶ ለሌባ የሰጠ የቅርብ ሰው አለ ብላ ደመደመች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። በመሬት ነገር የተቀያየምናቸው ዘመዶች አሉ፣ እነሱን ጠረጠረች። ለዓመታት ቡና የተጣጣቻትን ሴት ጠረጠረች። እውነቴን ነው፣ እኔን ከሌባው ይልቅ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ዘመድ መሀል የገባ ጥርጣሬ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ታናሽ ወንድሜን ጠራሁት። ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ አራተኛ ዓመት የኮምፒዩተር ተማሪ ነው። "ሌባው አንተ ነህ እንበል" አልኩት። "አታውቀኝም። በእጅህ ያለው ስልክ ቁጥሬ ብቻ ነው። የት ትደርሳለህ?" ከማናችንም ጋር ያልተገናኘ አዲስ አካውንት ከፈተና ጀመረ። እኔ ቡናውን አፈላሁ።

ስልክ ቁጥሬን ማግኘቱ ሥራ አይደለም፤ የሱቄ ባነር ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ የባነሩ ፎቶም ቴሌግራም ላይ አለ። ቁጥሩን የደዋይ ስም የሚያሳይ አፕ ላይ አስገባው። ስሜ ከነሥራዬ ብቅ አለ። እኔ ያንን አፕ ጭኜ አላውቅም እኮ! "አንቺ መጫን የለብሽም" አለኝ። እንደነዚህ ያሉ አፖች ስም የሚያገኙት በአብዛኛው ከሌሎች ሰዎች ስልክ ነው። አንዱ ደንበኛዬ እኔን በስሜና በ"ፎቶ ኮፒ" መዝግቦ፣ አፑ "የስልክ ማውጫህን ልይ?" ሲለው "እሺ" ካለ አለቀ። ፈቃዱን የሰጠው እሱ ነው፣ የወጣው ግን የእኔ ስም ነው።

ቀጥሎ ገንዘብ እንደሚልክ ሆኖ ቁጥሬን የሞባይል ገንዘብ መላኪያ ላይ ጻፈው። አሁን የአባቴ ስም ተጨመረ። ይሄ እንኳ ለክፉ የተሠራ አይደለም፤ ብር ለተሳሳተ ሰው እንዳይሄድ የተቀባዩ ስም ይታያል፣ እኔም ሁሌ አይቼ ነው የምልከው። ግን ያው ነው፤ አንድ ሳንቲም ሳይልክ ስሜን ይዞ ወጣ።

ፌስቡክ ላይ ትንሽ ተቸገረ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልክ የለውም፤ አንዱ ፊደል ይደርባል፣ አንዱ ይቀንሳል፣ ሌላው እንደሰማው ይጽፋል። በራሳችን ፊደል እንኳ ሀ አለ፣ ሐ አለ፣ ኀ አለ። ሳናውቀው ይህ ነገር ብዙ ዘመን ከልሎን የኖረ ይመስለኛል። ስልክ ቁጥር ግን አጻጻፉ አንድ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ከስም ይልቅ ቁጥር አደገኛ የሆነው። ፌስቡክ ድሮ ሰው በስልክ ቁጥሩ እንዲፈለግ ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጋው። ሌላ በር ግን ክፍት ነበር፤ የስልክ ማውጫህን አስገብተህ ወዳጆችህን ፈልግ የሚለው። በዚያ በኩል ብዙ ቁጥር እያስገቡ ማን የማን እንደሆነ የለቀሙ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 የ533 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ከ106 አገሮች ተሰብስቦ በነፃ ተለጠፈ። ስልክ ቁጥር፣ ስም፣ የሚኖሩበት ቦታ፣ የአንዳንዶቹ የልደት ቀን። የይለፍ ቃል አልተሰበረም፣ ሰብሮ የገባ የለም። በሩ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ጠይቀው ነው የወሰዱት።

በሦስተኛው አጻጻፍ አገኘኝ። የእኔ ገጽ ተቆልፏል፣ ኩራት ተሰማኝ። ኩራቱ አልቆየም። የአክስቴ ልጅ ገጽ ክፍት ነው፤ የልጄን የልደት ቀን ፎቶ ለጥፋለች፤ ልጄ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ኬኩ ላይ ስሟና ዕድሜዋ በክሬም ተጽፏል። ወንድሜ ምስሉን አጎላው። የትምህርት ቤቱ ዓርማ ደረቷ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ልጄን ጠዋት ጠዋት ባጃጅ የሚያወርዳትን በር አሰብኩ።

ሌላም መጣ። ከዓመታት በፊት ለሥራ ያመለከትኩበት አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ያለፉትን ሰዎች ዝርዝር በፒዲኤፍ ለጥፎ ኖሯል፤ ሙሉ ስም፣ ፆታ፣ የተመረቅንበት ነጥብ፣ ስልክ። ሥራውን አላገኘሁም፣ ወረቀቱ ግን እስከዛሬ እዚያው አለ። የሰፈራችን ዕድር የቴሌግራም ግሩፕም ማንም ገብቶ የሚያነበው ሆኖ ተገኘ፤ የአባላት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ማን ውዝፍ እንዳለበት ጭምር።

ስማችን ራሱ እኮ የቤተሰብ መዝገብ ነው። የእኔን ሙሉ ስም የያዘ ሰው አባቴንና አያቴን ይዟል። ወንድሞቼንም በዚያው ይስባቸዋል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ስማችን አንድ ነውና። የሚጎድለው የእናት ስም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የባንክ ሒሳብ ስንከፍት የምንጠየቀው ነው። የእናቶች ቀን ሲደርስ ግን ሁላችንም ፎቶዋን ከነሙሉ ስሟ እንለጥፋለን። እኔም ለጥፌያለሁ፣ ያውም በየዓመቱ።

እስካሁን ግን የቤት ስሟን አላገኘንም። የጅዳውንም ወንድሜን አላገኘንም። ታናሽ ወንድሜ የአባታችንን ስም ብቻ ጻፈና ፈለገ። ወዲያው ዝም አለ። ላፕቶፑን ወደኔ አዞረው።

አባቴ ያረፈ ሰሞን አጎቴ ፌስቡክ ላይ የጻፈው ነው። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ቆንጆ ጽሑፍ ነው፣ ያኔ ሳነበው አልቅሻለሁ። የት እንደተወለደ፣ ቡና ሲነግድ ስንት ሰው እንዳቋቋመ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ። ልጆቹ በየተራ በስም ተጠርተዋል፤ የመጀመሪያው ጅዳ፣ ሁለተኛዋ ጅማ የራሷን ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍታ፣ ሦስተኛው ተማሪ። የልጅ ልጁም ስም አለ። ድንኳኑ የት እንደተተከለ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ከሩቅ ላላችሁ" ተብሎ የእናቴ ስልክ ቁጥር። ከሥሩ በመቶ የሚቆጠር የማጽናኛ ቃል ተደርድሯል፤ ከሦስት አንዱ እናቴን በቤት ስሟ እየጠራ "አይዞሽ" ይላታል።

ሁሉም እዚያው ነበር። ከስልክ ቁጥሬ ተነስተን እዚህ ለመድረስ አርባ ደቂቃ አልፈጀብንም። ሌባው እንዲያውም እኛ የሄድንበትን መንገድ ሁሉ መሄድ አላስፈለገውም ይሆናል፤ ይህን አንድ ጽሑፍ ማንበብ ይበቃዋል።

በማግስቱ አጋሮ ወረድኩ። ለእናቴ ስልኬ ላይ እያሳየሁ አነበብኩላት። መጀመሪያ የሰማችው የባሏን ታሪክ ነው፤ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። የራሷን ቁጥር ሳነብላት ግን ቀና አለች። "ታዲያ ይሄን ማንም ያየዋል?" "ማንም" አልኳት። ብዙ ዝም አለችና "እኔ ያቺን ሴት ቡና አልጠራኋትም እኮ" አለች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ።" ይህን ስትል የፊቷን ነገር ልገልጸው አልችልም።

እኛ ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለን። ገመና። ገመና ወንጀል አይደለም፣ ነውርም ላይሆን ይችላል፤ የቤት ነገር ነው፣ ጓዳ የሚቀር። ሰው ቤት ገብቶ ያየውን ገመና አውጥቶ የሚያወራ ሰው በሰፈር ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። አጎቴ ግን ገመና አላወጣም። ለቅሶ ላይ እነዚህ ሁሉ ነገሮች ሁልጊዜ ይነገራሉ፤ ድንኳን ውስጥ፣ ለሚያውቁን ሰዎች፣ በዚያች ሳምንት። ድንኳኑ በሦስተኛው ቀን ይነሳል። ይሄኛው ድንኳን አልተነሳም፤ ማንም እያለፈ ጎራ ይላል።

አንዱ ነገር ብቻውን ሲታይ ምንም አለመሆኑ ነው ሰውን የሚያታልለው። "የልደት ቀኔን ቢያውቁ ምን ይሆናል?" የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት የልደት ቀን፣ ፆታና የፖስታ ኮድ፣ እነዚህ ሦስቱ ብቻ፣ 87 በመቶውን የአሜሪካ ሕዝብ ለይቶ ለማውጣት እንደሚበቁ አሳይታለች። ስም የለም፣ ስልክ የለም። እኛ ጋ የፖስታ ኮድ የሚያስታውስ ሰው ባይኖርም "ጅማ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ወንድሟ ጅዳ ያለ" ከተባለ ያቺ እኔ ነኝ። ሌላ ሴት ልትሆን አትችልም።

አሁን ወደራሴ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይህን ሁሉ ስጽፍ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ኮምፒዩተሬን ነው። ሰው በቴሌግራም ፋይል ይልክልኛል፣ አውርጄ አትማለሁ፣ ፋይሉ ይቀራል። ዳውንሎድ የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ። ከ4 ሺህ በላይ ፋይል። የፋይዳ መታወቂያ ከነፎቶውና ከነ12 አሃዝ ቁጥሩ። ፓስፖርት። የጋብቻ ማስረጃ። የአንድ ወጣት የላብራቶሪ ውጤት፣ የምርመራው ዓይነት ከላይ ተጽፎ። ሲቪ የትየለሌ፤ እያንዳንዱ ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን፣ የሦስት ምስክሮች ስልክ። ሱቄ ውስጥ ሥራ ሲበዛ ተማሪው ራሱ ቁጭ ብሎ ፋይሉን ይከፍታል። ያ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ነበር። ለዓመታት! ማንም አልከሰሰኝም፣ ማንም አልተናገረኝም። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ሰው ቤቱን አምኖ እንደሰጠኝ ሳስበው አፈርኩ።

አጠፋሁት። ሪሳይክል ቢኑንም ጭምር፣ ምክንያቱም እዚያ የገባ ፋይል አልጠፋም። አሁን ማታ ሱቅ ሳልዘጋ አጠፋለሁ፤ የሰው ቴሌግራም ኮምፒዩተሩ ላይ ተከፍቶ ከቀረም አስወጣለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት "ፋይሌን አጥፊልኝ" በሉ፣ ሲጠፋም ቆማችሁ እዩ። የሚቆጣችሁ ካለ ሱቅ ቀይሩ።

ሕግስ? ሕግ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ አንድ ተቋም ስለእኔ የያዘውን እንዳይ፣ ስህተት ካለ እንዲታረም፣ እንዲሰረዝም የመጠየቅ መብት ይሰጠኛል፤ የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህን ይዤ ያንን የድሮ ዝርዝር የለጠፈውን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፌለታለሁ፣ መልሱን እየጠበቅኩ ነው። በየቴሌግራም ቻናሉ የስም ዝርዝር ከነስልኩ የሚለጥፉ ቢሮዎች ይህን ነገር ሊያስቡበት ይገባል። የፈተና ቁጥር ብቻ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ያለፈው ሰው ቁጥሩን ያውቀዋል።

አጎቴ ጋ ግን በአዋጅ አይኬድም። መርካቶ ካለው ሱቁ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ያ ስለ አባዬ የጻፍከው…" ብዬ ስጀምር ፊቱ በራ፣ ላመሰግነው የመጣሁ መሰለው። ነገርኩት። ሌባውን፣ እናቴን፣ ሁሉን። መነጽሩን አወለቀ። "ወንድሜን ሰርዝ ነው የምትይኝ?" አለኝ። እኔ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። እሱ ሲከፋው ያንን ጽሑፍ ከፍቶ እንደሚያነበው፣ የሰዎቹን ማጽናኛ አንድ በአንድ እንደሚያነብ ያን ቀን ነው የነገረኝ። አሜሪካ ያለ አብሮ አደጋቸው የጻፈውን በቃሉ ይዞታል።

አልተሰረዘም። አንድ ሰዓት አብረን ተቀምጠን አስተካከልነው። የእናቴን ቁጥር አወጣን፣ የልጄን ስም አወጣን፣ ማን የት እንዳለ የሚለውን አወጣን። የአባቴ ታሪክ በሙሉ ቀረ፣ ፎቶውም ቀረ። ከዚያ ጽሑፉን የሚያዩት ወዳጆቹ ብቻ እንዲሆኑ ቀየርነው፤ ሁሉም የጻፉለት ማጽናኛ እንዳለ ሆኖ። ተነስቼ ስወጣ "እኔ እኮ ስወደው ነው" አለኝ። አውቃለሁ ጋሼ።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ "ማንም አያይም" (Nobody) በማለት ብቻ አትተዉት፤ ከሥሩ "በቁጥሬ ማን ሊያገኘኝ ይችላል" የሚል ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል፣ እሱንም ካልዘጋችሁ ቁጥራችሁን የመዘገበ ሁሉ ያገኛችኋል። የደዋይ ስም ከሚያሳዩት አፖች አንዱ የሆነው ትሩኮለር ስሙን እንዳያሳይ ለሚፈልግ ሰው ድረ ገጹ ላይ ቁጥር ማስወጫ ገጽ አለው፤ አፑን የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ አካውንቱን መዝጋት ነው። ፎቶ በቴሌግራም "እንደ ፋይል" ስትልኩ የተነሳበት ቦታ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይወጣል። የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ግሩፕ ላይ አትጣሉ። ዕድራችን ግሩፑን ዘግቷል፣ ዝርዝሩ ወደ ደብተር ተመልሷል፤ ጸሐፊው ጋሼ ትንሽ ቢያጉረመርሙም እሺ ብለዋል። የአክስቴ ልጅም የልጄን ፎቶ አውርዳለች፤ ቀድሜ "አትለጥፊ" ብዬ አለማወቄ የእኔ ጥፋት ነው።

እናቴ ጋ ደግሞ አንድ ነገር ተስማማን። ማንም ይሁን ማን፣ በእኛ ስም ደውሎ "ችግር ደርሷል" ካላት የምትጠይቀው ጥያቄ አላት። ልጆች ሳለን በቤታችን የሆነ ነገር ነው፤ ፎቶ የለውም፣ ማንም ጽፎት አያውቅም፣ የምናውቀው አራት ሰዎች ነን። ጥያቄውን የመረጠችው ራሷ ናት።

ያለፈው ሐሙስ መናኸሪያ አካባቢ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ዘጋ። ወደ እሷ ልሄድ ተነስቼ ስለነበር እንዳትጠብቀኝ ብዬ ከባጃጅ ሹፌሩ ስልክ ደወልኩላት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ዛሬ አልመጣም፣ መንገድ ላይ ችግር ገጥሞኝ…" ስል አቋረጠችኝ። ድምፄን ታውቀዋለች። ቢሆንም ጥያቄውን ጠየቀችኝ፣ ቀስ ብላ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል። መለስኩላት።

"እሺ" አለችኝ። "በይ አሁን ንገሪኝ፣ ምን ገጠመሽ?"